መመዘኛው ራሱ ሲጎድል

  

የዛሬው ርእሴ የገንዘብ ክብደት ነው። «ገንዘብ ይቆጠራል እንጂ መቼ ይመዘናል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በእጃችን ያለው ወረቀት በእርግጥ አይመዘንም። ዘካችን ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚሰላው በክብደት ነው። የወርቅ ኒሷብ ሃያ ዲናር፣ የብር ኒሷብ ሁለት መቶ ዲርሃም ነው ስንል ስለ ቁጥር የምንናገር ይመስለናል እንጂ የምንናገረው ስለ ሚዛን ነው። ዲናሩ ስንት ይመዝናል? ዲርሃሙስ? ማን ወሰነው? መመዘኛው ቢጎድልስ የሚጎዳው ማን ነው? እነዚህ የነጋዴና የመንግሥት ብቻ ጥያቄዎች አይደሉም፤ የዲን ጥያቄዎች ናቸው። ወደ እነርሱ ከመግባቴ በፊት ግን በራሴ የደረሰውን፣ ይልቁንም እኔው በሰው ላይ ያደረስኩትን ልናገር። ሌላውን ለመምከር የተነሳ ሰው ከራሱ ቢጀምር ይሻላል።

የአባቴ ኪሎ

ነገሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። አባቴ በወሎ በአንዲት የገበያ ከተማ ጨውና በርበሬ ይነግድ ነበር። እኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታሞ ለሕክምና ራቅ ወዳለ ከተማ ሄደና ሦስት ወር ያህል ስለቆየ ሱቁ በእኔ እጅ ወደቀ። የምንመዝንባት የአንድ ኪሎ ብረት ከሥሯ ቀዳዳ ነበራት፤ በቀዳዳዋም ውስጥ እርሳስ ቀልጦ ገብቶበታል። የብረቷ ክብደት ልክ የሚሆነው በዚያ እርሳስ ነው። አንድ ቀን ከእጄ አምልጣ ድንጋይ ላይ ወደቀች፤ እርሳሱም ወጥቶ ተንከባለለ። አንስቼ ልጠቀጥቀው ብሞክር አልያዝ አለኝ። መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት።

በዚያን ቀን ምንም አላሰብኩም። በማግስቱ ግን አሰብኩ። ኪሎዋ እንደቀለለች አወቅሁ፤ በቀለለች ኪሎ የሚሸጥ ሰው እንደሚያተርፍም አወቅሁ። ለኅሊናዬም «እኔ አልቦረቦርኳት፤ እርሳሱ ራሱ ነው የወደቀው» የሚል መልስ ሰጠሁት። በዚህች ሰበብ አሥራ ሁለት የገበያ ቀን ሸጥኩባት።

አባቴ ድኖ ተመልሶ ሱቅ በገባ ዕለት ብረቷን አነሳት። እጁ ነገረው። ምንም ሳይናገር ከጎረቤት ሱቅ ኪሎ አስመጣና በሚዛኑ በአንዱ ወገን ያችን፣ በሌላው ወገን የእኛን አስቀመጠ። የእኛዋ ወደ ላይ ተሰቀለች። ከዚያ በጨርቅ ተቋጥራ ሣጥን ውስጥ የምትቀመጠውን የእናቱን ማርትሬዛ ብር አወጣና ከእኛዋ ብረት አጠገብ ጨመራት። ሚዛኑ ቀጥ ለማለት ጥቂት ቀረው። ማርትሬዛ ሃያ ስምንት ግራም ያህል ትመዝናለች፤ የቀድሞው ሰው ወቄት የሚለውንም በእርሷ ይለካ ነበር። እንግዲህ ከያንዳንዱ ኪሎ አንድ ወቄት ስሰርቅ ከርሜያለሁ ማለት ነው።

«ስንት ገበያ ሸጥክባት?» አለኝ። ነገርኩት። «ከባላገሩ በርበሬ ስትገዛስ በየትኛዋ መዘንክ?» አለኝ። ይህን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ስገዛ የምመዝነው የጎረቤቱን ኪሎ እየተዋስሁ ነበር።

አባቴ አልመታኝም፤ ቁጭ አድርጎ አሳሰበኝ። በአንድ ገበያ ሠላሳ ኪሎ ያህል ሸጫለሁ። በአሥራ ሁለት ገበያ 360 ኪሎ ይሆናል። በየኪሎው 28 ግራም ሲጎድል አሥር ኪሎ ሞላ። «አሥር ኪሎ የሰው ሐቅ ቤቴ አስገብተሃል» አለኝ። ቀጥሎም «የገዙህን ሰዎች ጥራልኝ» አለ። ከከተማው ሰው ስምንት ቆጠርሁለት። የቀሩት ከየገጠሩ መጥተው፣ ጨዋቸውን ቋጥረው የሄዱ ናቸው። ስማቸውንም መንደራቸውንም አላውቅም። «አንተ አታውቃቸውም፤ እነርሱም መሰረቃቸውን አያውቁም፤ ሁለታችሁንም የሚያውቅ ግን አለ» አለኝ። ይህች ንግግሩ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

የሙጠፊፍ ትርጉም

ወንድሞችና እህቶች ሆይ! በሱረቱል ሙጠፊፊን መግቢያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ወዮላቸው ያላቸው እነማንን እንደሆነ አስታውሱ። ከሰው ሲቀበሉ አሟልተው የሚወስዱ፣ ለሰው ሲሰፍሩና ሲመዝኑ ደግሞ የሚያጎድሉ ናቸው። በጎረቤት ኪሎ እየገዛሁ በአባቴ ኪሎ ስሸጥ ሳለሁ እኔ ሌላ ማን ነበርኩ? ዑለማዎች እንዳብራሩት «ሙጠፊፍ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ጥቂትን፣ ኢምንትን ከሚያመለክት ቃል ነው። በሚዛን የሚሰርቅ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ አይወስድም። ጥቂት ጥቂት ነው የሚቆነጥረው። ለዚህም ነው ራሱን ሌባ ብሎ የማይጠራው።

ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ የከተማይቱ ሰዎች በስፍር እጅግ የከፉ ነበሩ፤ ይህ ሱራ ከወረደ በኋላ ግን ስፍራቸውን አሳመሩ። ከእነርሱ በፊት ደግሞ የመድየን ሰዎች ነበሩ። ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ከተውሒድ ቀጥሎ የጠሯቸው ስፍርንና ሚዛንን ወደ መሙላት ነበር። እነርሱም በገንዘባችን የፈለግነውን እንዳናደርግ ሰላትህ ያዝሃልን ብለው አላገጡባቸው። ይህ ቃል በሱረቱ ሁድ ውስጥ ይገኛል። ከቀደምት ሙፈሲሮች መካከል እንደ ዘይድ ኢብን አስለም ያሉት ሹዐይብ ከከለከሏቸው ነገሮች አንዱ የዲርሃምን ጠርዝ መቁረጥ እንደነበር ይናገራሉ። ጠቢባኑ የሳንቲም ቆራጭንና የሚዛን ሌባን በአንድ ረድፍ ማቆማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሳንቲም ማለት መመዘኛ ነውና። የወርቅ ወይም የብር ገንዘብ ላይ ማኅተም የሚመታበት ዓላማ «ይህ ተመዝኗል፤ ይህን ያህል ነው፤ አንተ ሁለተኛ መመዘን አያስፈልግህም» ለማለት ነው። ባለጸጋ ሰው ሚዛንም መዛኝም አለው። ማኅተሙን የሚያምነው ሚዛን የሌለው ድሃ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ የዋሸ ዕለት በመጀመሪያ የሚሰረቀው እርሱ ነው።

የድሃው ሐቅ በየትኛው ዲርሃም?

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ዐረቦች የራሳቸው ገንዘብ አልነበራቸውም። ወርቁ የሩም ዲናር፣ ብሩ የፋርስ ዲርሃም ነበር። መካውያን በቁጥር ሳይሆን በሚዛን ይገበያዩበት ነበር። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የክብደት መለኪያው የመካ ሰዎች መለኪያ፣ የስፍር መለኪያውም የመዲና ሰዎች መለኪያ እንዲሆን ወስነዋል። መካ የነጋዴ ከተማ ናትና ወርቅና ብር ትመዝናለች፤ መዲና የገበሬ ከተማ ናትና ተምርና እህል ትሰፍራለች። እያንዳንዱን መለኪያ ለሚያውቁት ሰዎች ሰጡት።

ከሐጀር ጨርቅ ይዘው ከመጡ ሰዎች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሱሪ በገዙ ጊዜ በገበያው በክፍያ የሚመዝን ሰው ነበር። ዋጋውን እንዲመዝን፣ ሲመዝንም ለሻጩ እንዲያጋድልለት አዘዙት። ታሪኩን ያስተላለፉት ራሳቸው ከሻጮቹ አንዱ የነበሩት ሱወይድ ኢብን ቀይስ (ረ.ዐ.) ናቸው። እዚህ ላይ የሚመዘነው ጨርቁ ሳይሆን ገንዘቡ መሆኑን ልብ በሉ። ገንዘብ ሰጪው ነቢይ ናቸው፤ ያጋደሉትም በራሳቸው ላይ ነው።

ሙስሊሞች ከበዙና ሀገሩ ከሰፋ በኋላ ግን አንድ ችግር ተነሳ። በገበያ ላይ የነበሩት ዲርሃሞች እኩል አልነበሩም። ትልቁ ስምንት ዳኒቅ፣ ትንሹ አራት ዳኒቅ ይመዝን ነበር። አሁን አንድ ሰው ሁለት መቶ ዲርሃም አለው እንበል። በየትኛው ዲርሃም? በ224 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ኢማም አቡ ዑበይድ «ኪታብ አል-አምዋል» በተባለው መጽሐፋቸው የነገሩን ጭንቀቱን ነው። ኒሷቡ በትልቁ ዲርሃም ቢቆረጥ ብዙ ሰው ከዘካ ውጭ ሆኖ ድሃው ይበደላል፤ በትንሹ ቢቆረጥ ደግሞ ባለገንዘቡ ይበደላል። ስለዚህ ሁለቱን ደመሩና አካፈሉ። ስምንትና አራት አሥራ ሁለት፣ ግማሹ ስድስት ዳኒቅ ሆነ። አሥሩ ዲርሃምም ከሰባት ሚስቃል ጋር እኩል መጣ። ይህን ማን እንደሠራው የታሪክ ሰዎች ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹ ለዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.)፣ ሌሎቹ ለኸሊፋ ዐብዱል መሊክ ኢብን መርዋን ይሰጡታል። እኔን የሚገርመኝ የሠራው ሰው ማንነት ሳይሆን ሥራው የተጀመረበት ጥያቄ ነው። «በዚህ ክብደት ማን ይበደላል?» ብለው ነው የጀመሩት።

ዐብዱል መሊክ (የገዙት ከ65 እስከ 86 ዓመተ ሒጅራ) ያደረጉት ግን የተረጋገጠ ነው፤ ምስክሩ ወርቁ ራሱ ነውና። በ77 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 696/97) አዲስ ዲናር አስቀረጹ፤ በ79 ደግሞ ዲርሃሙ ተከተለ። የሰው ምስል የለበትም። የንጉሥ ስም የለበትም፤ የኸሊፋው የራሳቸው ስም እንኳ አልተጻፈበትም። ያለበት የተውሒድ ቃልና የተቀረጸበት ዓመት ነው። ዲናሩ 4.25 ግራም፣ ዲርሃሙ 2.97 ግራም ያህል ይመዝናል። ብዙዎቹ የዘመናችን ዑለማዎች የወርቅ ኒሷብ 85 ግራም፣ የብር ኒሷብ 595 ግራም ነው የሚሉን ከዚህ ተነሥተው ነው። ሃያውን በ4.25 ማባዛት ነው። ከአሥራ ሦስት ምእተ ዓመታት በላይ ያለፈው ሚዛን ዛሬ የእኛን ቤት ዘካ ይለካል። ያን ጊዜ አንድ መዛኝ ቢያጭበረብር ኖሮ ስሕተቱ እስከ እኛ ይደርስ ነበር።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን ተመልከቱ። አንድ ዲናር ሃያ ቂራጥ ነው። አንድ ሰው ሞረድ ይዞ ከእያንዳንዱ ዲናር አንዲት ቂራጥ ቢፍቅ በዓይን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ከሃያ ዲናር ግን ሃያ ቂራጥ ይወጣል፤ ይህም አንድ ሙሉ ዲናር ነው። የሃያ ዲናር ዘካ ስንት ነው? ግማሽ ዲናር! ፋቂው ከዚያው ገንዘብ ለድሃው የሚወጣውን ሐቅ እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። እንግዲህ በቀን ሞረድ ይዞ ውሎ ማታ ዘካ የሚያወጣ ሰው ምን ይባላል?

ሱመይርና የመስተዋት መመዘኛ

ኢብኑል አሲር የተባሉት ታሪክ ጸሐፊ አንድ የማይረሳ ታሪክ ይተርካሉ። በዐብዱል መሊክ ዘመን ሱመይር የተባለ የተይማ አይሁዳዊ ያለ ፈቃድ ዲርሃም ቀርጾ ተያዘ። የኢራቁ ገዥ አል-ሐጃጅም ሊያስገድለው ፈለገ። ሱመይር የእኔ ዲርሃም ብር ከአንተው ይበልጣልና ስለምን ትገድለኛለህ ብሎ ተከራከረ። አልሰማውም። ነፍሱን ለማዳን ሲል ለሕዝቡ መመዘኛዎች ሠራ። ከዚያ በፊት ሰዎች ወጥ መመዘኛ ስላልነበራቸው አንዱን ገንዘብ በሌላው ይመዝኑ ነበር። ሱመይር መመዘኛውን ካወጣ በኋላ ግን መበላላቱ ቀነሰ ይላል ታሪኩ።

ይህን ሳነብ ሁለት ነገር ታሰበኝ። አንደኛው፣ ገንዘብን በገንዘብ የሚመዝን ሕዝብ ሁለቱም ቢጎድሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ከሁለቱ ውጭ የሆነ፣ ለማንም የማያደላ መመዘኛ ያስፈልጋል። እኛም እንዲሁ ነን። ራሳችንን በጎረቤታችን ከመዘንን «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው» ብለን እናርፋለን። ሙእሚን ራሱን የሚመዝነው ከሰማይ በወረደው ሚዛን ነው። ሁለተኛው፣ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን ሐቅን ከማን እንደመጣ አይተው አልደበቁም። መመዘኛውን የሠራው ሙስሊም አልነበረም፤ ሥራው ግን ቀና ነበርና ጻፉለት።

በግብጽ ደግሞ ገዥዎቹ የሳንቲም መመዘኛዎችን ከመስተዋት ያሠሩ ነበር። ከቀደምቶቹ መካከል ከ709 እስከ 715 እ.ኤ.አ. ድረስ የግብጽ ገዥ በነበረው በቁራ ኢብን ሸሪክ ስም የታተሙ አሉ። ብዙዎቹ ዛሬ በታላላቅ ሙዚየሞች ይገኛሉ። ለምን መስተዋት? ብረት ይዝጋል፤ ነሐስ ይፋቃል፤ ሰው ሳያይ ጥቂት ሊወሰድበት ይችላል። መስተዋት ግን ከተሸረፈ ስብራቱ ያሳብቃል። ከእነዚህ መስተዋቶች በአንዳንዶቹ ላይ አላህ ሐቅን አሟልቶ መስጠትን እንዳዘዘ የሚገልጽ ቃል ታትሟል። ነጋዴው ወርቅ በመዘነ ቁጥር ጣቱ በዚያ ቃል ላይ ያርፋል። የአባቴ ኪሎ ከመስተዋት ተሠርታ ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንድ ጊዜ። ግን ጉድለቱ ለሰው ባይታይም ለእኔ ታይቶኝ ነበር፤ የሸፈንኩት በሰበብ ነው።

ካይሮና ሀገራችን

ይህ ጉዳይ የቃላት ብቻ እንዳይመስለን ስለ አል-መቅሪዚ ልናገር። ስለ ሐበሻ ሙስሊም ነገሥታት መጽሐፍ በመጻፋቸው እኛም ስማቸውን የምናውቅላቸው እኒህ ምሁር በካይሮ ሙሕተሲብ ሆነው ሠርተዋል። ሙሕተሲብ ማለት በየገበያው እየዞረ ሚዛንና ስፍር የሚመረምር ሹም ነው። በ806 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 1403/4) ግብጽን ረሃብና በሽታ መታት። አል-መቅሪዚ በ808 በጻፉት «ኢጋሰቱል ኡማ» በተባለው መጽሐፍ የመከራውን መንስኤ ሲዘረዝሩ የዓባይን ውኃ መጉደል ብቻ ጠቅሰው አላቆሙም። ሹመት በጉቦ መሸጡን፣ የመሬት ኪራይ መናሩን፣ ደግሞም ወርቅና ብሩ ከገበያ ጠፍቶ የመዳብ ፉሉስ አገሩን ማጥለቅለቁን ቆጠሩ። በውኃ ማነስ አላህ ይፈትናል፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን ሰው በእጁ ነው የሠራቸው። በዚያ ጊዜ ደመወዙን በፉሉስ የሚቀበል ሰው ቁጥሩ ሳይቀንስበት እንጀራው ቀነሰበት።

ወደ ሀገራችንም ስንመጣ ትምህርቱ አይጠፋም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ወደ ፍትሐዊው ነጃሺ በላኩ ጊዜ የተጠጉባት አክሱም የራሷን ወርቅ ስትቀርጽ የኖረች መንግሥት ነበረች። ዛሬ የሚገኙት ሳንቲሞቿ ሲመረመሩ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን የወርቁ ጥራት እያነሰ እንደሄደ ይታያል። የሐረር አሚሮችም ማሐለቅ የተባለ ገንዘብ ያስቀርጹ ነበር። ከሁሉ በላይ ሕዝባችን ለረጅም ጊዜ ያመነው ግን በ1780 እ.ኤ.አ. የሞተች የአንዲት የባዕድ አገር ንግሥት መልክ ያለበትን ማርትሬዛ ነው። ለምን? ከሞተችም በኋላ በዚያው ዓመተ ምሕረት፣ በዚያው ክብደት፣ በሺህ 833 እጅ በሆነው በዚያው የብር ጥራት ሲቀረጽ ስለኖረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ከማርትሬዛ በማይለይ ክብደት አስቀርጸው እንኳ ገበያው ለረጅም ጊዜ አሮጌውን መረጠ። ነጋዴው ቋንቋዋን አያውቅም፤ ሃይማኖቷ ሃይማኖቱ አይደለም። ያመነው ሚዛኗን ነው። ሰው ባለበት ሁሉ እምነት የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ ዛሬም ነገም ሳይለወጡ በመገኘት። ሙስሊም ነጋዴ ሆይ፣ ሱቅህ በር ላይ የሰቀልከው የቁርአን አንቀጽ ሳይሆን ኪሎህ ነው ስለ ዲንህ የሚመሰክርልህ ወይም የሚመሰክርብህ።

የዛሬው ገበያ

«ዲናሩም ዲርሃሙም አልፏል፤ ዛሬ ሚዛኑ ሁሉ በኤሌክትሪክ ነው» የሚለኝ ይኖራል። እሺ፣ ወደ ወርቅ ቤት እንሂድ። አንዲት እናት የልጇን ቀለበት ስትገዛ ቀለበቱ ከነፈርጡ ይመዘንና በወርቅ ዋጋ ትከፍላለች። ችግር አግኝቷት ልትሸጠው ስትመለስ ግን ፈርጡ ተነቅሎ ይመዘንባታል። የኤሌክትሪኩ ሚዛን በሁለቱም ጊዜ ልክ ነው፤ የዋሸው ሰውየው ነው። ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በኸይበር ጊዜ ፈዷላ ኢብን ዑበይድ (ረ.ዐ.) ወርቅና ጨሌ ያለበት የአንገት ጌጥ በአሥራ ሁለት ዲናር ገዙ። ለይተው ሲያዩት ወርቁ ብቻ ከአሥራ ሁለት ዲናር በልጦ ተገኘ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው ወርቁ ካልተለየ በስተቀር እንዳይሸጥ ከለከሉ። ሐዲሱ በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ይገኛል። ወርቁ ለብቻው፣ ፈርጡ ለብቻው ይታወቅ። ሁሉም የሚገዛውን ይወቅ።

ስለዚህ ለነጋዴ ወንድሞቼና እህቶቼ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ሸቀጣችሁን ከመመዘናችሁ በፊት መመዘኛችሁን መዝኑት፤ የብረት ኪሎ በዘመን ብዛት ይበላል፣ የኤሌክትሪኩም ከመስመር ይወጣል። ሁለተኛ፣ በምትገዙበት ሚዛን ሽጡ፤ ሁለት ኪሎ ያለው ሱቅ ሁለት ምላስ እንዳለው ሰው ነው። ሦስተኛ፣ ጉድለቱን እናንተ ባትፈጥሩትም ካወቃችሁበት ሰዓት ጀምሮ የእናንተ ነው። «ራሱ ነው የወደቀው» የምትለው ሰበብ በአኺራ እንደማታወጣኝ እኔ ከእናንተ በፊት ተምሬያለሁ።

ባለቤቱ የማይታወቅ ሐቅ

የተውበት መስፈርቶችን ሁላችንም እናውቃለን። ጥፋቱን መተው፣ መጸጸትና ዳግም ላለመመለስ መቁረጥ ናቸው። የሰው ሐቅ ካለበት ግን አራተኛ አለ፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። የሚዛን ስርቆት ከሌላው ስርቆት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በሬ የሰረቀ ሰው በሬውን ነድቶ ሊመልስ ይችላል። ከሦስት መቶ ሰው አንዳንድ ቁንጥር የወሰደ ሰው ግን ወዴት ይሄዳል? ሳንቲም የፋቀ፣ የሕዝብን ገንዘብ ያረከሰስ ማንን ፈልጎ ይቅርታ ይጠይቃል? ዑለማዎች ባለቤቱ ሲታጣ ሐቁን በባለቤቱ ስም ሰደቃ እንዲያወጡት ይመክራሉ፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ከተገኘም ምርጫው የእርሱ ነው። ቀሪው ጉዳይ ለአላህ ይተዋል።

አባቴ ያደረገው ይህንኑ ነው። ወደ ስምንቱ ሰዎች ቤት በየተራ ይዞኝ ሄደ። እያንዳንዳቸው ደጃፍ ላይ ቆሜ ጥፋቴን በአፌ ተናገርኩ፤ የጎደለባቸውንም ሰጠሁ። አንዲት እናት በጥቅሉ ማነስ ስቀው «ለዚህች ነው እንዴ እንዲህ የምታስጨንቀው?» አሉት። «ትንሽ ስለሆነች ነው የፈራሁለት» አላቸው። የቀረው ጨውና በርበሬ ለመስጊዱ ድሆች ተከፈለ፤ ሲከፈልም በማናውቃቸው ባለቤቶቹ ስም እንዲሆን ኒያ እንዳደርግ አዘዘኝ።

አዲስ ኪሎ ገዛ። አሮጌዋን ግን አልጣላትም። ባዶ ቀዳዳዋ ወደ እኔ እንዲዞር አድርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። አባቴን አላህ ይዘንለት፣ ካለፈ ብዙ ዓመት ሆነው። ብረቷ ዛሬም እኔ ዘንድ አለች። ያ ቁርጥራጭ እርሳስ ቢመዘን ሃያ ስምንት ግራም አይሞላም ይሆናል፤ የቂያማ ዕለት ሚዛኖች ሲቆሙ ግን የሰናፍጭ ፍሬ ታህል ሥራ እንኳ እንደምትመጣ ተነግሮናል። ከእነዚያ ስማቸውን ከማላውቃቸው የገጠር ሰዎች አንዱ ያን ዕለት ፊቴ ቢቆም የምሰጠው ምን እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ስንሰጥ የምናሟላ፣ ለራሳችን ስንቀበል የማንሻማ ያድርገን። በእጃችን የገባውን ባለቤቱ የማይታወቅ ሐቅ ሳንሞት እንድንመልስ ይርዳን። ሚዛን ለሌላቸው ሚዛን የሚሆኑ መሪዎችና ነጋዴዎች ይስጠን። አሚን።